ባለ ጓንቱ አውራ ዶሮ

ነይ ዘምዘም፣ ነይ ወዲህ ከራኩባው ጥላ ግቢ። ቶብሽን ሰብሰብ አድርጊና እዚች በርጩማ ላይ አረፍ በይ። ኧረ የዛሬስ ሙቀት የጤና ነው? በጥቅምት እንዲህ ከጠበሰን በሚያዝያ ምን ሊያደርገን ነው! ከርከዴው ቀዝቅዟል፣ ልቅዳልሽ። ስኳሩ በዛ እንዳትይኝ ብቻ። ዛሬ አፌን ሲመረኝ ስለዋለ እጄ ስኳር አበዛ... ምን ላድርግ?

ልጆች ደህና? ባለቤትሽስ ከእርሻ ተመለሰ? እሰይ፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ ደረሰለት በይኛ። የሰሊጥን አመል መቼም ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ጠብቀው ካላጨዱት ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። "ቆይ ነገ" ያለ ሰው ከአገዳው በቀር የሚያገኘው የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ... ያልቸኮለውንስ ምን አሉት? ያልቸኮለውንማ ወፍ ለቀመለት። ስለ ሰሊጥ ነው እኮ የማወራሽ፤ ምን ዓይንሽን ወደ ግድግዳው ታዞሪዋለሽ?

ግድግዳውማ ቆርቆሮ ነው። ከወዲያ ቪዲዮ ቤቱ፣ ከወዲህ እኔ። ባለቤቱ ከወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ "ይማርህ" እላለሁ። እኔ ሳወራ ደግሞ... እንግዲህ ጆሮ ያለው ይሰማል። ቢሰማስ? ምን ክፉ አወራንና ነው? ጎረቤት ማመስገን ነውር ሆኖ ያውቃል?

አንቺ ሱቅ ስለምትውይ አላየሽው ይሆናል እንጂ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኳሱ ሳይጀመር፣ እዚህ ቪዲዮ ቤት የድሮ ካርቱን ይታያል። የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ወዳጅ፣ ሱዳናዊው ሷሊህ፣ አገሩ ሲበጠበጥ ከገዳሪፍ ሲወጣ በፍላሽ ይዞት የመጣው ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሣሉት ሰዎች እንኳ አፈር ከሆኑ ቆይተዋል አሉ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። "በዚህ ዘመን ቀለም የሌለው ነገር ማን ያያል?" አልሁ። አንድ ቀን ባዶ ጀሪካን ልጠይቅ ገብቼ... ዘምዘም ሙቺ፣ ከወንበሩ የሚያነሳኝ ጠፋ።

እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ! እዚያ አገር በእግሩ የሚራመድ የለም፤ ሁሉም በዘፈን ነው የሚሄድ። ድስቱ ይጨፍራል፣ መጥረጊያው ይጨፍራል፣ የአጥሩ እንጨት ሳይቀር ወገቡን ይዞ ትከሻውን ይሰብቃል። ጨረቃዋ ዓይን አላት፤ ትጠቅስሻለች። ቤቱ ይናድና በከበሮው ምት ተመልሶ ይቆማል። ድመቷ ላይ ባቡር ሄዶባት እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ትሆናለች፤ ራሷን አራግፋ ተነስታ ደግሞ ትዘፍናለች። የሚሞት የለም፣ የሚሰደድ የለም፣ ኬላ የሚዘጋበት የለም። ለአጨዳ ከወሎና ከጎጃም የመጣው ልጅ ሁሉ፣ ወገቡ ተቆርጦ የዋለው ሁሉ፣ እዚያ ገብቶ እንደ ሕፃን ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ይህን የሚያሳይ ሰው ይባረክ ነው ያልሁ፤ ከልቤ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ይህ ከተማ በምን ይስቅ ነበር?

ከሁሉ ከሁሉ ግን አውራ ዶሮው! ኮፍያ ያደርጋል፣ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ዶሮ ጓንት ምን ያደርግለታል አትዪም? ለሥራ ነው እንዳትይኝ፣ ሲሠራ አላየሁትም። ክራር የመሰለ ነገር አንግቶ ይመጣና ከሴቷ ዶሮ መስኮት ሥር ቆሞ ይዘፍናል። ድምፁ ሲያምር! ቅንድቡ ሲወጣ ሲወርድ! አንገቱ ሲረዝም ሲያጥር! እሷስ? እሷማ መስኮቱ ላይ ናት። ሽፋሽፍቷን ታርገበግባለች። የሣሏት ሰዎች ሌላ ሥራ አልሰጧትም።

መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ። ሁለተኛም ደስ አለኝ። በሦስተኛው ግን አላስችል አለኝና "ይሄ ዶሮ በሩን የሚያንኳኳው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። "ባየሽ፣ ካርቱን እኮ ነው፣ ታሪክ አይፈለግበትም፤ ለዘፈኑ ነው የሚታይ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንዳንዱ ነገር ለዘፈኑ ብቻ የተፈጠረ ነው። እኔ የድሮ ሰው ሆኜ ነው መሰል፣ ዘፈን ከሰማሁ ወዲያ በር ሲንኳኳ መስማት እወዳለሁ።

ሩጫውንም አይተሽ መፍረድ ነው። ሲሮጥ ከኋላው የሚያልፈው ቤት ያው አንዱ ቤት ነው። ቤት፣ ዛፍ፣ ጉድጓድ... ቤት፣ ዛፍ፣ ጉድጓድ። ሷሊህን ብጠይቀው "ሥዕል ለመቆጠብ ነው፤ አንዱን እያዞሩ ያሳዩናል" አለኝ። እግሩ ይበራል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ከቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። ቀላል ችሎታ ነው ብለሽ ነው? እንዲህ እየሮጠ እንዲህ መቆም የሚችል ሰው... ዶሮ ማለቴ ነው። ዶሮ!

ደግነቱን ሳልነግርሽ ባልፍ ግን እግዜርም ይታዘበኛል። የዶሮውን አይደለም አሁን፤ የሚያሳየውን ሰው። አንድ ቅዳሜ ከነዚያው ካርቱኖች ባንዱ ላይ ጥቁር ሰው መጣ። አሣሣሉ ዓይንና ከንፈር ብቻ፤ ሰው ነው ለማለት የከበደ። ሕፃናቱ ሳይገባቸው ሳቁ። ሷሊህ ተነስቶ ወጣ። ማሳያው ወዲያው ጠፋ፤ ሰውዬው ሷሊህን እስከ መንገዱ ድረስ ተከትሎ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለው ሥዕል አስቀድሞ እየተለየ ይወጣል። ሳይነግሩት የሰው ውርደት የሚገባው ወንድ በዚህ ከተማ ስንት አለ? አንጀቴን ነው የበላኝ... ዓይኑ ሩቅ አዋቂ ነው። ቅርቡ ላይ ብቻ ትንሽ ይደክማል። ከቅርቡ ያለ ሰው በየወፍጮ ቤቱ መሳቂያ ሲሆን... ይቅር፣ ይቅር። ጠጪ እንጂ፣ ሊሞቅብሽ ነው።

ዘፈኑ መቼም በፈረንጅኛ ነው፤ አንድም ቃል አይሰማንም። ታዲያ የዛሬ ሦስት የሰሊጥ አጨዳ ምን ሆነ መሰለሽ? አንድ ሰው፣ እንግዲህ ማን እንደሆነ እኔ አላየሁም፣ ጨለማ ነው፣ ማይኩን አነሳና በአውራ ዶሮው አፍ ገብቶ በአማርኛ ዘፈነው፦

ክፈችው መስኮቱን፣ መስከረም መስከረም፣
ያላንቺ ብሠራ፣ ቤቴ ቤት አይደለም።

ቤቱ በጭብጨባ ሊፈርስ! ሰው ሁሉ ዞሮ የእህቴን ልጅ አያት። መስከረሜ ከፊት ወንበር ነበረች። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ሳቋን ግን ሻሹ አልሸፈነላትም። እኔም እዚያው ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሳይመሽ ሕፃናቱ ዘፈኑን ይዘው በየመንደሩ ዞሩ። ኬላው ላይ የቆሙት ሹፌሮች ያዙት። ገላባት ተሻግሮ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ቋንቋውን ሳያውቁት ያንጎራጉሩታል አሉ። ከዚህ ወዲያ መስከረምን የሚጠይቅ ማነው? "እሷማ ተይዛለች" ነው። በማን? "በካርቱን!"

ድሮ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል ነበር። ዘንድሮ መጫኛ ማን ያባክናል? ዘፈን ይበቃል።

ኧረ አልተቆጣሁም! ምን ያስቆጣል? ክፉ ሰው እኮ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ይቀለን ነበር፤ ረግመን እንገላገል ነበር። እኔን የሚደንቀኝ፣ ጠይቄያለሁ ብሎ ማሰቡ ነው። ከተማ ሙሉ ሰው ከሰማልኝ ሽማግሌ ምን ይሠራል ብሎ ይሆናል። ለካስ ያን ሁሉ ሕፃን ሽማግሌ አድርጎ ልኮብናል! እኛ አላዋቂዎቹ በራችን ላይ ሲዘፍኑ "ሂዱ ወዲያ፣ ከብቱን አታስበርግጉ" እያልን አባረርናቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ የማን ልጅ ለማን እንበል ነበር እኮ! ጥፋቱ የኛ ነው።

መስከረምን አንቺም ታውቂያታለሽ። ሽፋሽፍት እያርገበገበች መስኮት ላይ የምትቆም ልጅ አይደለችም። ያንን የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ብቻዋን ነው የምትመራ። ቺንጊያው፣ ኩሽኔታው፣ ፊልትሮው የት እንዳለ ዓይኗን ጨፍና ታወጣልሻለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሱቋን ዘግታ ከፊት ወንበር ላይ ናት። ካቻምና ነበረች። ዓምናም ነበረች። ወፍጮ ቤት ስትሄድ "የካርቱን ሙሽራ፣ መቼ ነው ሰርጉ?" ይሏታል፤ ስቃ ታልፋለች። ቤት ስትገባ ግን አትስቅም። ዘንድሮ ያችን የፊት ወንበር ለሕፃን ለቀቀች። መልቀቋን ያየ ሰው ይኖር ይሆን? ማይክ የያዘ ሰው እንግዲህ የሚያየው ሥዕሉ የሚታይበትን ጨርቅ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ያለውን ሰው ስንስቅበት ኖርን፤ እሱ እንኳ ላሙን በጨርቅ ላይ አላሳየንም።

ዝም አይነቅዝም የሚሉም አሉ። እንዲህ ያሉት ደገኞች መሆን አለባቸው። ቆላ ወርደው ቢያዩት! እዚህ ሳይነቅዝ የሚከርም ምን አለና ነው ዝምታ የማይነቅዘው?

እና... ሐሙስ ዕለት ቤታችን ሰው መጣ። ሰምተሻል አይደል? አልሰማሽም? ቸሩ ይባላል፣ የሽንፋ ልጅ ነው፣ ትራክተር ነጂ። ቺንጊያ ሊገዛ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ኋላማ ቺንጊያው ሳይበጠስም መምጣት ጀመረ። ዘፈን የሚባል አልፈጠረበትም። ስሙን ሲጠሩት "አቤት" ለማለት እንኳ፣ ባትሪው የደከመ መኪና እንደሚያስነሳ ሰው ሁለት ሦስቴ ይሞክራል። ቅንድቡም አይወጣም አይወርድም፤ ካለበት አለ።

"ልጅቱ ተይዛለች" አሉት። "በማን?" አለ። ወስደው ካርቱኑን አሳዩት። አየ፣ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አልቆ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ ቁጭ አለ። "ቀጥሎስ?" አላቸው። "ቀጥሎ የለም፣ ይኸው ነው" አሉት። ኮፍያውን አነሳና "እንግዲያማ አልተያዘችም" ብሎ ወጣ። ሐሙስ ሦስት ሽማግሌ ባንድ ባጃጅ ተጠጋግተው መጡ። ትልቁ ሰውዬ ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው የወረዱ፤ አሳዘኑኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉን ነበር። እውነት ነው፣ ሊሄድ ነው። መንገዱ ወደ ሽንፋ መሆኑን ግን ማን ነገረን?

"እሁድ ተመለሱ" አልናቸው። ወግ ነው፣ በአንዴ እሺ አይባልም። ይህን ያስባለኝ ግን ወጉ ብቻ አይደለም። መስከረም ከጓዳ ጠርታ እጄን ያዘችኝ። "አክስቴ፣ እስከ እሁድ ብቻ አቆዪልኝ" አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። እንዲህ ያለውን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልብ የሌለው ሰው ነው። እሁድ ነገ ነው ዘምዘም። ነገ እሺ ወይም እምቢ እንላለን፤ አንዴ ካልን ደግሞ ቃላችንን አናጥፍም።

እኔስ ምን ላድርግ? የሴት ወገን ሽማግሌ አይልክ! "ልጃችንን ጠይቁልን" ብሎ የሰው በር አይመታ! የአገር ሳቅ ነው። ጎረቤትን ጠርቶ ከርከዴ መጋበዝ ግን ማን ከለከለ? ድምፅን ከፍ አድርጎ መጫወትስ? የኔ ድምፅ እንደሆነ በተፈጥሮው ትልቅ ነው፤ አንቺም ጆሮሽ ትንሽ ይከብዳል... አይከብድም? እንዲያው ለማንኛውም ብዬ ነው።

እና ምናልባት፣ ምናልባት ነው የምልሽ፣ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ የሽንፋዎቹ ሳይደርሱ፣ ሌሎች ሽማግሎች በራችን ቆመው ብናገኝ እኔ አላባርርም። ሦስት ባይሞሉም ግድ የለኝ። ሷሊህም ብቻውን ተልኮ ቢመጣ በክብር አስቀምጠዋለሁ። ጨረቃም አትጥቀስ፣ አጥሩም አይጨፍር። ጓንትም አያስፈልግ፣ የኛ በር በባዶ እጅ ይንኳኳል። ልጅቱ ደግሞ... ልጅቱ ከመንኳኳቱ በፊት ነው የምትከፍት። በቃ፣ ይህንንም አልሁት።

ስስ! ሰማሽ? ወንበር ተንቀሳቀሰ። እግር ነው... ወደ በሩ እየመጣ ነው። ዘምዘም አትዙሪ! ወዲህ እይ፣ እንደ ሰው ከርከዴሽን ጠጪ። ሻሼ ተስተካክሏል? የምዳር እኔ የሆንሁ እመስላለሁ እኮ። አምላኬ፣ እንዲያው ብቻ ይውጣ። "እትዬ ባየሽ" ብቻ ይበለኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርስለታለሁ...

ጄኔሬተሩን ነው።

ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ነው የተነሳ።

ይኸው ጥሩምባው መጣ። ከበሮው መጣ። ገና ሰዓቱ አልደረሰም፣ አንድ ሕፃን እንኳ አልገባ፤ ለማን ነው የከፈተው? ይኸው፣ "ክፈችው መስኮቱን"... ድምፁን ጨመረው እንዴ? ጨመረው። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ይህ መልስ መሆኑ ነው እንግዲህ። ኧረ ሲያምር! እንዲህ ያለ መልስ በዘፈን ማን ይሰጣል? ከሽንፋ እንኳ አይገኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁን ዘፈኑ ስለሚጮህ ከአንቺ በቀር የሚሰማኝ የለም። ከቸሩ ይልቅ ይሄኛውን ነበር የምወደው። ሳቄን የመለሰልኝ እሱ ነው። እንደ ልጄ ነበር የማየው፤ አዘንሁ፣ በጣም አዘንሁ። ደግሞ ፈርቶ ነው፣ ይገባኛል። እዚያ ጨርቅ ላይ የወደቀ ሁሉ ይነሳል፤ እዚህ ግን በር አንኳኩቶ እምቢ የተባለ ሰው ራሱን አራግፎ አይዘፍንም። ታዲያ እሷስ አልፈራችም? እሷ ሦስት ሰሊጥ ሙሉ በሰው ፊት ቁጭ ብላ አልጠበቀችም?

ማብቂያውን ታውቂዋለሽ? ከዳር ጥቁር ክብ እየጠበበ ይመጣል። መጀመሪያ አጥሩ ይጠፋል፣ ከዚያ መስኮቷ ከነዶሮዋ ትጠፋለች። አውራ ዶሮው መሃል ላይ ብቻውን እየዘፈነ ይቀራል። ከዚያ ኮፍያው ብቻ። ከዚያ ድርግም። መስኮቷ ቀድማ እንደምትጠፋ ልብ ብሎት ያውቅ ይሆን? ስንት ጊዜ አሳይቶታል እኮ!

አሁን ዝም አለ። አለቀ መሰለኝ። በይ ተነሽ፣ እኔም ገበያ ልውጣ፤ ለነገ እንግዶች ዶሮ እፈልጋለሁ። ዝምተኛ ዶሮ ካየሽ ጠቁሚኝ። ዘፋኙን ማረድ አልወድም፣ ያሳዝነኛል።

ቆይ ግን፣ ጎረቤቴን ሳልመርቃቸው አልሄድም። አዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው፤ ቤተሰብ ይሆናሉ ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የደፈርኋቸው። እግዜር ድምፃቸውን ይጠብቅላቸው። ጄኔሬተራቸው አይድከምባቸው። መስከረሜም ሽንፋ ገብታ ትውለድ፤ ወንድም ትውለድ፣ ሴትም ትውለድ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቿን እጃቸውን ይዤ እዚህ አመጣቸዋለሁ። እሳቸው ደግ ናቸው፣ እናታቸው ከለቀቀቻት ከዚያች ከፊት ወንበር ያስቀምጡልኛል። ትንሿም ዘፈኑን ሰምታ "ይሄ አውራ ዶሮ የእማዬን ስም ከየት ያውቀዋል?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው እንዲመልሱላት ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጣቸው።

አሜን በይ እንጂ ዘምዘም።